ከረሜላው እና የረጋው ማር

እናንተዬ፣ ሰው ሥራ መቀየር የሚችል ይመስላችኋል? ሥራውንስ ይቀይራል፤ ሰፈር የሰጠውን ስም ግን የት ይጥለዋል? ደብረ ማርቆስ መጥታችሁ «ከረሜላው የታለ?» በሉ፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም ወደ እኔ ይጠቁማል። አሥራ አንድ ዓመት ስኳር እያቀለጥኩ ከረሜላ ስጠቀልል ኖርኩ። የፋብሪካው ከረሜላ በካርቶን እየመጣ ከገበያ ሲያስወጣኝ ባለቤቴ የሺ «ማር ባለበት አገር ስኳር ምን ያደርግልናል?» አለችኝና ማር ውስጥ ገባን።

ገባን ስላችሁ ከነሰፈፉ በቆርቆሮ ጠቅጥቀን እንዳይመስላችሁ። ከቁይ ገጠር ገበሬዎች መርጠን እንገዛለን፤ እሳት ሳናስነካ በስስ ጨርቅ እናጠልላለን፤ በጠርሙስ አድርገን የምን አበባ ማር እንደሆነ እንጽፍበታለን። ገዢው ጠርሙሱን አይቶ ያደንቃል፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ሲያይ የሚታየው የድሮው የስኳር ጆንያ ነው።

እንዲህ እያለን እትዬ ወርቅነሽ ለልጃቸው የጥር ሠርግ የጠጅ ማር አዘዙን። ግማሽ ከተማ የሚጠራበት ሠርግ ነው። ካማረ ስሜ ይነሣል፤ ካልሆነ ሱቁን መዝጋት ነው።

ታኅሣሥ ነበር፤ የማርቆስን የታኅሣሥ ብርድ የማያውቅ አይፍረድብኝ። እትዬ ወርቅነሽ ሊወስዱ በመጡበት ጠዋት ባልዲውን ብከፍተው ማሩ ነጭ ሆኖ ረግቷል። በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱ፤ ጥርሳቸው ሥር ተንኮሻኮሸ።

«ስኳር! አንተ ከረሜላው፣ በልጄ ሠርግ?»

የሺ በማርያምም በገብርኤልም ማለች። እትዬ ወርቅነሽ ደግሞ የንስሐ አባታቸውን አስጠሩ። ቄሱ ደብረ ወርቅ ያደጉ፣ ጓሯቸው ሰባት ቀፎ የሰቀሉ ሰው ናቸው፤ ማር ያውቃሉ። መጡ፣ አዩ፣ ተቀመጡ። ጾም ነውና ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምሱም!

እንግዲህ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ አስቡት። ባልዲው እንደተከፈተ መሃል ሱቅ ተቀምጧል፤ አላፊ አግዳሚው አንገቱን እያስገባ «ስኳር ነው አሉ?» ይላል። ንጹሕ ሰው አያልበውም እያልኩ ይብሱን አላበኝ። ያን ቀን ለጠላቴም አልመኝለትም።

ዘጠኝ ሲሆን ቄሱ አማትበው ቀመሱ።

«የመጭ፣ የዚያ የሜዳው ቢጫ አበባ ማር ነው፤ ብርድ ሲነካው ይረጋል። ይልቅ የማይረጋውን ፍሪ፣ ልጄ» አሏቸው።

እፎይ! ጠጁ አማረ፣ ሠርጉ ደመቀ፣ ሰዉም ለጥቂት ጊዜ «ባለማሩ» አለኝ። የቄሱ ቃል ግን በሳምንቱ ገበያውን ሞላው። አሁን የማርቆስ ሰው ሱቄ ሲገባ ጠርሙሱን ይዘቀዝቃል፤ ማሩ ከወረደ አይገዛም።

ዘንድሮ ታዲያ ዝናቡ መጩን አበላሸውና ያገኘነው ከአባይ በረሃ የመጣ የግራር ማር ብቻ ሆነ። ቅንጣት ባዕድ ነገር አልገባበትም፤ ግን አይረጋም። የሺ ብርድ ይምታው ብላ በየማለዳው ጠርሙሶቹን ደጅ ትደረድራለች። አምና «ምነው ባልረጋ» ያልኩት ሰውዬ ዘንድሮ «ምነው በረጋ» እያልኩ እዞራቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ወርቅነሽ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ማር ሊገዙ መጡ። ጠርሙሱን ዘቀዘቁት። ማሩ ኩልል ብሎ ወረደ። እሱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ከረሜላው» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ቄሱን ላስጠራ?»

ሰዓቴን አየሁ። ጾም ነው፤ ገና ሦስት ሰዓት።