አንድ ክንድ በአንድ ጣት

ልክ የሚወድ ሰው የሌለበት ሠፈር የለም። ሌላው ሕዝብ «እዚያ ጋ»፣ «ትንሽ ቆየት ብሎ»፣ «ይበቃል» እያለ ሲኖር፣ እርሱ ብቻ «ስንት?» ይላል። ሠርግ ላይ የዳሱን ምሰሶ ያቃናል፤ ቀብር ላይ ጉድጓዱ ጠቧል ብሎ ቆፋሪዎቹን መልሶ ያስገባል። እግዚአብሔር ይህን ዓይነቱን ሰው ለየሠፈሩ አንድ አንድ ያደለው፣ የቀረነው ትዕግሥት እንድንማር ሳይሆን አይቀርም።

አዋሳ ውስጥ ከታቦር ተራራ ሥር ላለው ሠፈር የደረሱት ክቡር አቶ ወልደጻድቅ ነበሩ። መሃል ከተማ ጨርቅ ቤት የምትሸጠው ታቢታ ደበሌ አጥሯ ከአጥራቸው ጋር ስለሚገናኝ ዕዳው የጸናው በእርሷ ላይ ነበር። በአምስት ዓመት ጉርብትና ውስጥ ጣራዋ ሁለት ጣት ማዘንበሉን፣ ደጃፏ ላይ ያለው ድንጋይ ማጋደሉን፣ ባሏ ማቴዎስ ሲራመድ ቀኝ ትከሻው ዝቅ ማለቱን ከእርሳቸው ሰምታለች። ማቴዎስ ይስቅ ነበር። እርሷ አትስቅም።

ክቡርነታቸው ቀን ቀን አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና እየቀጠቀጡ ያቃናሉ። ከሥራ መልስ ደግሞ ያንኑ መኪና አሳንሰው ይሠሩታል። አካሉ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ጎማው ከነጠላ ጫማ፣ መስተዋቱ ታጥቦ ከነጣ የራጅ ፊልም፣ መብራቱ ከሸሚዝ ቁልፍ ነው። በሩ ይከፈታል፤ መሪው ይዞራል። ልኩ ደግሞ አይለወጥም፦ አንድ ክንድ በአንድ ጣት። ከክርናቸው እስከ መሃል ጣታቸው ጫፍ ያለው ርዝመት ትንሹ መኪና ላይ የአንድ ጣት ውፍረት ይሆናል። ሜትር አይዙም። «ሜትር ሰው የሠራው ነው፤ ክንድ እግዜር የሰጠው» ይላሉ። ስለዚህም አዋሳ ውስጥ መኪናውን አቁሞ ሻይ ሊጠጣ የገባ ሰው፣ ሲወጣ ኮፈኑ ላይ የተጋደሙ ሽማግሌ ሊያገኝ ይችላል።

ማሳመር የሚባል ነገር አያውቁም። መድኃኒት ቤት ያለው ወልደአማኑኤል የፊያቱን አምሳያ ሲያዝ፣ «ጋሼ፣ የተጨረመተውን በር እንኳ ደህና አድርገው ይሥሩልኝ» ቢላቸው፣ «እንግዲያው የፈለግኸው የሰው መኪና ነው፤ ያንተማ ይኸው» ብለው ከነጭርምቱ አስረከቡት። ወይዘሮ አስካለ ለቡፌዋ ጌጥ የሚሆን መርሴዲስ ለመነቻቸው።

«የት ቆማለች?»

«ኧረ የለኝም ጋሼ፣ እንዲያው ለዓይን እንዲያምር ነው እንጂ።»

«የሌለች መኪና በምን ክንድ ልለካት?»

ለሌላው ሰው «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ተረት ነው። እርሳቸው አሥሩን ጊዜ ይቆጥሩታል። ነገር ሲወራ ደግሞ፣ የገበያ ወሬም ይሁን የመንግሥት፣ «ሳይለኩ ማውራት ሐሜት ነው» ብለው ይነሣሉ።

ይህ ጠባይ በሌላ ዘመን ቢሆን መሳቂያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ዘመኑ ግን ሰባ ዓመተ ምሕረት ነው። ለአብዮት በዓል የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ግዛቸው ለሰልፉ የሚሆን የትራክተር አምሳያ እንዲሠሩ አዘዛቸው። ክቡርነታቸው ወደ መንግሥት እርሻው ሄደው ትራክተሩን ለኩ፤ ሠሩ። በተመረቀበት ቀን ሕዝቡ የተሰበሰበው ቀበሌው ባሸገው በእነታቢታ ጸሎት ቤት ውስጥ ነበር፤ አዳራሽ ከሆነ ዓመቱ ነው። ጨርቁ ሲገለጥ ትራክተሩ የኋላ ጎማ የለውም። በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል።

«ጎማው የታለ?» አለ ጓድ ግዛቸው።

«እኔም ጠይቄ ነበር። ከአራት ወር በፊት ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሏል አሉኝ።»

ሕዝቡ ከንፈሩን ነከሰ። ክቡርነታቸው ሦስት ቀን ታሰሩና በአራተኛው ቀን እዚያው አዳራሽ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ቆሙ። «ስሕተቴን አምናለሁ» አሉ። «ከትራክተሩ ሥር ያሉት ድንጋዮች አራት ናቸው። እኔ በችኮላ ሦስት አድርጌያለሁ። አይደገምም።» ጓድ ግዛቸው ያሹፉ አያሹፉ ሊለይ ስላልቻለ ቃለ ጉባኤ ላይ አስጻፈው። ታቢታ ግን አወቀች። ሰውየው ስለ አራተኛው ድንጋይ ከልባቸው እንቅልፍ አጥተው ነበር።

በኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ታቢታ ሱቅ ሳለች መኪና መጥቶ ማቴዎስን ከደጁ ወሰደው። ጥፋቱ ጸሎት ቤቱ ከታሸገ በኋላ ከስድስት ሰው ጋር ቤት ውስጥ መጸለዩ ነው። ታቢታ እየሮጠች መጥታ ጎረቤት ጠየቀች። ደጅ ልብስ ስታጥብ ያረፈደችው ሙሉዬ «ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለች። አቶ ብዙአየሁ «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም» ብለው በር ዘጉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ታቢታም አልተቀየመቻቸውም። ቀን በቀን ሰው የሚወሰድበት ከተማ ውስጥ ዓይን ያለው ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

ያን ጊዜ አዋሳ ውስጥ ሰው የሚታሰርበት ግቢ አምስት ነበር። ታቢታ ስንቅ ይዛ አምስቱንም አዳረሰች። አምስቱም «የለም» አሏት። ስንቁን የሚቀበልለት ግቢ ያጣ ሰው ወይ ያለበት አልታወቀም፣ ወይ ሞቷል። እያንዳንዱ ግቢ የየራሱ መኪና ስላለው፣ የትኛው መኪና እንደወሰደው ብታውቅ የቱ በር ላይ ችክ እንደምትል ታውቅ ነበር።

መኪናው ሲዞር የቆርቆሮ በሯን ገጭቶ ጭሮት ሄዷል። አመሻሹ ላይ ክቡር አቶ ወልደጻድቅ መጡ። «እግዜር ያውጣው» እንኳ አላሉም። ተንበርክከው ክንዳቸውን ጭረቱ ላይ ጋደም አደረጉት።

«ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ባሌ ተወስዶ እርስዎ በሬን ይለካሉ?»

በሩ ላይ የቀረውን ቀለም በጥፍራቸው ፍቀው ወደ ብርሃን አዙረው አዩ።

«አውቀውታል አይደል? ስለ እግዚአብሔር ይንገሩኝ!»

«ሳይለኩ ማውራት ሐሜት ነው» ብለው ሄዱ። መራገም በእምነቷ ክልክል ነው። ታቢታ ግን ረገመቻቸው።

በአምስተኛው ቀን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ገቡና ጠረጴዛዋ ላይ ፈቱት። ግራጫ ላንድሮቨር ነው። ግራጫው የተላጠበት ቦታ ከሥር አረንጓዴ ይታያል። የኋላ ግራ ማዕዘኑ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የሰሌዳ ቁጥሩ በመርፌ ጫፍ ተጽፏል።

«ግራጫውን የቀባሁት እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሐይቁ ዳር፣ ሰማያዊ በር ካለው ግቢ ነው የሚያድረው። ጭረቱ ከፍታው ልክ ነው፤ ቀለሙም ልክ ነው። ግን ልጄ፣ የታጠፈውን ማዕዘን በሩቁ በዓይኔ ነው የሠራሁት። ክንዴን ላስጠጋ አልቻልኩም። ራስሽ ሳታስተያዪ እርግጠኛ እንዳትሆኚ።»

እርሷም እንደታዘዘችው አደረገች። ይህ ነው ጥፋቱ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጥሩን አጥንቶ መኪናዋን ምድጃ ውስጥ ይከታት ነበር። ታቢታ ግን አምስት ዓመት ከክቡርነታቸው አጥር ሥር ኖራለችና፣ በማግሥቱ ትንሿን መኪና ከስንቁ ጋር ዘንቢል ውስጥ ከታ ሄደች። ዘበኛው «የለም ብዬሻለሁ» እያለ ሳለ ላንድሮቨሩ ሊገባ መጣና ሰማያዊው በር ተከፈተ። አወጣችና አስተያየች። ማዕዘኑ፣ አረንጓዴው፣ ቁጥሩ።

«አለ!» አለች ጮክ ብላ። «የወሰደው መኪና ይኸው! ባሌ እዚህ ነው!»

ዘበኛው መኪናዋን ከእጇ ነጠቀ። በሯን በጥፍሩ ከፈተ፣ መሪዋን አዞረ፤ ፈገግ ሁሉ አለ። ከዚያ ሰሌዳዋን አየ።

«ማነው የሠራው?»

ስንቁን ከዘንቢሉ አወጣች። አዋሳ ውስጥ ይህ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አልነበረም። ስንቁ ግን ገባ፤ ምሳ ዕቃውም ባዶውን ወጣ። ማቴዎስ አለ! እያለቀሰች፣ እያመሰገነች ቤቷ ስትደርስ ሙሉዬ በር ላይ ጠበቀቻት። ሙሉዬ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አይታ ነበር።

«ያው መኪና ነው» አለች በሹክሹክታ። «ጋሽ ወልደጻድቅን ሳይመቷቸው ነው የወሰዷቸው። ‹አንድ ጊዜ ታገሡኝ› ብለው ወደ ኋላ ዞሩና የታጠፈው ላይ ክንዳቸውን አሳረፉ። ወታደሮቹ ገርሟቸው ቆመው አዩ። ‹ግማሽ ጣት ስቻለሁ› አሉ፣ አፍረው። ከዚያ ገቡ።»

ታቢታ እዚያው በሩ ሥር ተቀመጠች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ እዚህ ግን ትንሿን መኪና በራሷ እጅ ያወጣችው እርሷ ነበረች።

ክቡርነታቸው ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅም የላቸውም። ከማግሥቱ ጀምሮ ታቢታ ሁለት ምሳ ዕቃ ተሸከመች። አራት ወር ሁለቱም ሞልተው ገቡ፣ ሁለቱም ባዶ ወጡ። ሁለተኛው ክዳኑ የተንሻፈፈ አሮጌ ነገር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑ ተቃንቶ ወጣ፤ በስድስተኛው ሳምንት የላላው ማንጠልጠያ ጠብቆ መጣ። እስር ቤት ውስጥ በምን እንደሚያቃኑት እግዜር ይወቅ። ታቢታ መንገድ ላይ ብቻዋን ሳቀች።

በመጋቢት አንድ ጠዋት ዘበኛው የክቡርነታቸውን ተቀበለና የማቴዎስን መለሰላት። «ይሄን ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ» አለ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። ምሳ ዕቃው ገና ትኩስ ነበር። ያኛው ባዶውን ሲወጣ ሽማግሌውን ጠላቻቸው፤ ለምን እርስዎ ቀሩ፣ ለምን እርሱ ሄደ ብላ፣ ቀኑን ሙሉ አምርራ ጠላቻቸው። ልቅሶ መቀመጥ ክልክል ስለነበር በሯን ዘግታ ብቻዋን አለቀሰች። ስታለቅስ ደግሞ የወይዘሮ አስካለ ወንድም ትዝ አላት። ከተወሰደ ዓመት አልፎታል፤ የት እንደገባ የነገራት የለም፤ አስካለ ዛሬም ስንቅ ይዛ ከበር በር ትዞራለች። ታቢታ ግን የምታለቅስበትን ቀን አውቃለች።

በማግሥቱ ተነሥታ ስንቅ ሠራች፤ አንዱን ምሳ ዕቃ ይዛ ወረደች።

«ትናንት ነግሬሽ የለም እንዴ?» አለ ዘበኛው።

«ለጋሽ ወልደጻድቅ ነው።»

«ምንሽ ናቸው?»

ታቢታ ምሳ ዕቃውን በማንጠልጠያው አነሣች።

«የቀሩኝ ሰው» አለችና ዘረጋችለት።