እርስዎ እያሉ!

መሪጌታ ጥበቡ፣ የበጎ አድራጎት ማኅበራችን ሰብሳቢ አቶ ደሳለኝ፣ የሦስት ልጆች እናት የሺ፣ እኔም አለሁበት። ትሑት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባሕር ዳር ላይ በአንድ ጧት ሦስት አይቻለሁ፤ አንዱ እኔው ነኝ። ማኅበሩ ለተራቡ ልጆች ትኩስ ገንፎ አቅርቧል፤ ሳይባረክ ግን አይበላም።

«መሪጌታ፣ ይባርኩልን» አሉ ሰብሳቢው።

«ኧረ እርስዎ እያሉ!»

«አፈር ስሆን!»

«በሞቴ!»

ልጆቼን «ታላቅ ሳይቀድም እጃችሁን እንዳትሰዱ» እያልሁ ነው ያሳደግሁ። ስለዚህ ወደ እኔ ሲዞሩ «እናንተ እያላችሁ!» አልሁ። የየሺ ትንሿ ልጅ ከረኀቡ ብዛት ማልቀስ ጀመረች።

«አሜን!» አለች የሺ ጮክ ብላ። «ብሉ፣ ልጆቼ!»

«ማን ባረከና?» አሉ መሪጌታ።

«እናንተ ስትገባበዙ ገንፎው በረደ እኮ፣ አባቴ!»

ሒሳቡ ሲደመር፣ ትሕትናችን ልጆቹን ትኩስ ገንፎ አስከፈላቸው፣ እኛን ደግሞ የምርቃቱን ክብር።