የእመት ደውለት ሁለተኛ ሂህታ

እመት ደውለት ባሏን በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ገደለችው ይባላል። ሐኪሙ ቅቤ እንዳይቀምስ ከልክሎት ሳለ ዶሮ ጠብሳ አበላችው፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ ልቡ ቀጥ አለ። ይህ ወሬ ካርሙዝ ሰፈር ውስጥ ከዳቦ ሰልፉ እስከ ትራም ፌርማታው ድረስ በነጻ ይታደላል።

ውሸት ነው። ባሏ ኡስታ ፋህሚ ያቺን ዶሮ አልቀመሳትም። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው ከበላያቸው ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ኢንሺራህ ናት። ወሬውን ስትሰማ ግን አንድም ቀን «ውሸት ነው» ብላ አታውቅም። ለምን እንደሆነ እንደርስበታለን።

እመት ደውለት የሌለችበት ሕንጻ እስክንድርያ ውስጥ አልተሠራም። የሰው ድስት ሳትከፍት ጨው እንዳነሰው የምታውቅ፣ ሳትጠየቅ የምትፈርድ፣ ይግባኝ የማትቀበል ሴት ማለቴ ነው። የእኛዋ ክብርት ሥልጣኗ በአንዲት መጥበሻ ላይ የቆመ ነበር። «አሥራ አምስት ደቂቃ!» ትላለች። ዶሮውን በስሱ ትቆርጠዋለች፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ትነሰንስበታለች፣ ሁለቱን ፊት ጠብሳ ታወጣዋለች። ከዚያ ቅቤ፣ ከዚያ ስድስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ከዚያ ዶሮው ተመልሶ ይገባል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ አለቀ። ከጠዋት ጀምራ ድስት የምትጥድ ሴት ካየች ሆዷ ይታመማል።

«እህቴ፣ ዶሮዋ እንደሆነ ሞታለች። ምን አድርጋሽ ነው ቀኑን ሙሉ የምታሰቃዪያት?»

የሕንጻው ወጥ ቤቶች መስኮታቸው በሙሉ የሚከፈተው መሐል ለመሐል ወደወረደው የአየር ጉድጓድ ነው። ሽታም፣ ጠብም፣ ጸሎትም የሚወጣው የሚወርደው በዚያ ነው። እመት ደውለት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆና ጉድጓዱን እንደ ዳኛ ወንበር ትጠቀምበት ነበር።

«ኢንሺራህ! ነጭ ሽንኩርትሽ ተቃጠለ!»

«እትዬ ደውለት፣ እኔ ዛሬ ምስር ነው የሠራሁት! ገና አላቁላላሁም!»

«የማንም ይሁን፣ ተቃጥሏል! ለባለቤቱ ንገሪልኝ!»

ደግሞ ሂህታዋ ነበረ። መቼም የአገሬው ሴት ሙሉኪያ የሚባለውን የቅጠል ወጥ ስትሠራ፣ የተቁላላውን ነጭ ሽንኩርት ቅጠሉ ላይ ስትገለብጥ፣ ድንገት እባብ እንደረገጠ ሰው አየር ወደ ውስጥ ስባ «ሂህ!» ማለት አለባት። ሂህ ያልተባለበት ሙሉኪያ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሣር ነው። እመት ደውለት ታዲያ ይህን ክብር ወስዳ ለዶሮ ሰጠችው። ነጭ ሽንኩርቱ ቅቤው ውስጥ ሲገባ የምትስበው ትንፋሽ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል። ምድር ቤት ያሉት ሐጃ ቡሰይና ለዓመታት አልተዋጠላቸውም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሂህታ የሙሉኪያ ነው! ለዶሮ ማን ፈቀደልሽ?»

«ዶሮዋ እስካሁን አልከሰሰችኝም፣ ሐጃ!»

ቢሆንም ሂህታው በተሰማ ቁጥር ከየፎቁ «በጤና ብሉት!» ይባላል፣ እሷም «ኑ፣ አብረን!» ብላ ትመልሳለች። ሐጃም ሳይቀሩ፣ እያጉረመረሙም ቢሆን፣ ይመርቁ ነበር።

ችኮላዋ ከየት እንደመጣ ኢንሺራህ ያወቀችው ዘግይታ ነው። ኡስታ ፋህሚ ትራም ነጂ ሳለ በሁለት ፈረቃ መሐል ለምሳ የሚተርፈው ግማሽ ሰዓት ነበር። ግማሹ መንገድ ይበላዋል። ለሚስቱ የምትቀረው አሥራ አምስት ደቂቃ ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች ውስጥ አበሰለች። ጡረታ ሲወጣ ረጋ ልትል ነው ሲባል እሱ ታመመ፣ ምግብም ጠላ። አንዳንድ ቀን ድንገት «እስኪ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር» ይላል፤ ሐሳቡን እስኪለውጥ ያለው ጊዜ ግን ከድሮው ምሳ አይበልጥም። ሐኪሙም ቢሆን ቅቤ የከለከለው ድሮ ነው። በመጨረሻ «የፈለገውን ስጪው» ብሎ ነበር። ወሬኞቹ ይህቺን ዘለዋታል።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሻይ በስተቀር ምንም ሳይቀምስ ቆየ። ሕንጻው በሙሉ ያውቃል። መስኮት ለመስኮት ቀን ይቆጠር ነበር።

በአሥረኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ድምፅዋ አስተጋባ።

«ፋህሚ ራበው! ሰማችሁ? ዶሮዋን አለኝ፣ በአፉ!»

ኢንሺራህ ዓሣ እያጸዳች ነበር። ቢላዋውን እንደያዘች አንገቷን በመስኮት አወጣች። «ፍጠኚ እትዬ! ሐሳቡን ሳይለውጥ!»

«አንቺ ልታስተምሪኝ? አሥራ አምስት ደቂቃ!»

ቅቤው ተንጫጫ። «ሂህ!» አለች። እንዲያ ያለ ሂህታ ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም፣ የሰርግ ቤት እልልታ ይመስል ነበር። አምስቱም ፎቅ «በጤና ብሉት!» አለ። «ኑ፣ አብረን!» አለች።

ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛ ሂህታ ተሰማ።

ኢንሺራህ ሳቀች። «ድገሚኝ ብሏታል!» ብላ ወደ ላይም ወደ ታችም አወጀች። «ፋህሚ ደገመ! በድጋሚ በጤና!» ከላይ አጨበጨቡ። ሐጃ ቡሰይና ከታች «እሰይ! እንኳን በላ!» አሉ። «ኑ፣ አብረን» የሚል መልስ አልመጣም። አፏ ምግብ ይዞ ነው ብላ ኢንሺራህ ቧንቧዋን ከፍታ ዓሣዋን አጠበች።

ከዚያ የሚያር ነገር ሸተታት። ይህቺን ቀን ስንት ዓመት ጠብቃለች! እጇን ሳታደርቅ በመስኮት ብቅ አለች።

«እትዬ ደውለት! ነጭ ሽንኩርትሽ ተቃጠለ!»

ከየፎቁ ተሳቀ። «የማንም ይሁን፣ ተቃጥሏል!» ብላ ደገመች። አሁንም ተሳቀ። ጭሱ ጉድጓዱን ሞልቶ ዓይኗን ሲያቃጥላት ነው ደረጃውን የወረደችው።

በሩ አልተቆለፈም። መጀመሪያ እሳቱን አጠፋች። መጥበሻው ውስጥ የቀሩት ቁራጮች ከሰል ሆነዋል። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ገባች። አንድ ሰሐን ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሎሚው ተጨምቆበታል፣ ሹካው ንጹሕ ነው። እመት ደውለት የወጥ ቤት ሻሿን ከራሷ ፈትታ የባሏን መንጋጋ እያሰረች ነበር። አልዞረችም። ቋጠሮው አልያዘላት ብሎ ደጋግማ ትፈታዋለች። ኢንሺራህ ዓሣ ዓሣ በሚሸት እጇ ያዘችላት። ሞቶ ስታገኘው ካወጣችው ከሁለተኛው ሂህታ ወዲህ ግማሽ ሰዓት ሆኗል። ግማሽ ሰዓት ብቻዋን፣ በላይዋም በታችዋም እየተሳቀና እየተጨበጨበ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ሕንጻ ሂህ ያለች ሴት የለችም። ሙሉኪያ ሳይቀር አፍ ተይዞ ይሠራል፣ ጣዕሙም እንደዚያው ነው። በቅቤ ገደለችው የሚለው ወሬም በሳምንቱ ተወለደ። ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ከአምስቱ ፎቅ ግን የተቃወመ አልነበረም፣ የሳቁንና የጭብጨባውን ነገር ከማውራት ይቀላላ።

በአርባኛው ቀን ሴቶቹ በሙሉ እሷ ቤት ተሰበሰቡ። እመት ደውለት በጥቁር ልብስ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ ከስታለች፣ በማንም ድስት ላይ መፍረድ ትታለች። ኢንሺራህ ያንን መጥበሻ ሁለት ቀን ፍቃ አጽድታው ነበር። ዶሮውን በስሱ ቆረጠች፣ ጠብሳ አወጣች፣ ቅቤውን ጣል አደረገች። ስድስቱን ፍሬ ስትጨምር ትንፋሿ ሊያመልጣት ሲል በክንዷ አፏን አፈነች።

ሳሎን ውስጥ ሐጃ ቡሰይና መቁጠሪያቸውን ማንከባለል አቆሙ። ቅቤው ብቻ ይንጫጫል።

እመት ደውለት ከሶፋው ሳትነሳ፣ እንደ ድሮው ሕንጻው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ ተናገረች።

«የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ሂህታ ለነጭ ሽንኩርቱ ነበረች። ሁለተኛዋን ማን ሰማ?»