ጋሽ ፋይልና የመመለስ ማስረጃ

በየመሥሪያ ቤቱም ሆነ በየዘመዱ መካከል፣ ወረቀት ከተደራረበ የማይከፈት በር የለም ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አይጠፋም። የሙዚቃ ቡድኑ የራሱን እንዲህ ያለ ሰው «ጋሽ ፋይል» ይለዋል። ክቡርነታቸው ከበሮ መቺ ናቸው፤ ማንም ሳይሾማቸው ደግሞ ጸሐፊ።

ከባሕር ማዶ የሙዚቃ ድግስ ጥሪ ሲመጣ ጋሽ ፋይል ሊፈቱት የተነሡት ችግር ይህ ነበር፦ ሰው ገና ሳይሄድ እንደሚመለስ በምን ያረጋግጣል? ኤምባሲው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

የእያንዳንዱን ሰው ኑሮ መርምረው፣ ወደ ቤቱ የሚጎትተውን ነገር ሁሉ በወረቀት አወጡ። ለጊታር ተጫዋቹ የጋብቻ ሰርተፊኬቱንና የልጆቹን ሪፖርት ካርድ አያያዙ። ሳክስፎን ነፊው ወንደላጤ ስለሆነ ጎታች ጠፋለት፤ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ አስያዙት። ጥርሴን አላመመኝም ቢላቸው «ለክፉም ለደጉም ትያያዝ» አሉት።

ከሁሉ የወፈረው ፋይል የድምፃዊቷ ነበር፤ የእህታቸው ልጅ ናት። የቤት ኪራይ ውሏ፣ የአምስት ጎረቤቶች ምስክርነት፣ የድመቷ የክትባት ካርድ ሳይቀር ገባ። ልጅቷ ሰባት ዓመት ሙሉ በሠርግ አዳራሽ ሰው ሲበላ ስትዘፍን ኖራለች። ሰው እሷን ሊሰማ ብሎ የሚቀመጥበት መድረክ ይህ የመጀመሪያዋ ነበርና ስለ ድመቷ አልተከራከረችም።

መልሱ መጣ። ከስምንቱ የቡድኑ አባላት ሰባቱ ተከለከሉ። ደብዳቤው የሁሉም አንድ ነው፤ ለመመለስዎ በቂ ማስረጃ አላቀረቡም ይላል። የተፈቀደላቸው ጋሽ ፋይል ብቻ ናቸው። የሌላውን ፋይል ሲያደልቡ የራሳቸው ቀጠሮ ደርሶባቸው፣ ፎርሙንና የግብዣውን ደብዳቤ ብቻ ይዘው ነበር የገቡት።

«ጥርሱን እዚያው ሊያስነቅል ነው ብለው ጠርጥረው ይሆናል» አለ ሳክስፎን ነፊው። የሳቀ የለም።

ቡድኑ ብቻቸውን እንዲሄዱ ለመናቸው። እሳቸው ግን ማንንም ሳያማክሩ የኤምባሲው መስኮት ድረስ ሄደው፣ ቪዛዬ ለእህቴ ልጅ ይዛወርልኝ ብለው ጠየቁ። አይዛወርም ተባሉ። ድምፃዊቷ ይህን ስትሰማ የመድረክ ልብሷን በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታ ነበር። ቤታቸው ስትደርስ ፓስፖርታቸውን ፊታቸው አስቀምጠው ሲጽፉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ይብቃን። እኔ ደክሞኛል።»

«የሰው ዋስ አስይዘን አላየነውማ።»

«ቪዛ በሰው ዋስ አይሰጥም።»

«ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

ጠይቃ አታውቅም።

ድግሱ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ዛሬ ጠዋት ሁለቱም የኤምባሲው ሰልፍ ላይ ናቸው። ጋሽ ፋይል ፋይል አልያዙም፤ ከስህተታቸው ተምረው አንዲት ገጽ ብቻ ጽፈዋል። «ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እኔ አልሄድም። እስክትመለስ ፓስፖርቴ እናንተ ዘንድ ይቀመጥ።» ልጅቷ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የተጣጠፈ ኮሌታቸውን አስተካከለችላቸውና ቦርሳዋን ከፍታ የድመቷን ካርድ አወጣች።

«ይኼ ምን ያደርጋል?» አሉ ጋሽ ፋይል።

«ለክፉም ለደጉም ትያያዝ» አለቻቸው።

ከፊታቸው ሁለት ሰው ቀርቷል። ጋሽ ፋይል ኪሳቸው ውስጥ መርፌ ቁልፍ እየፈለጉ ነው።