ሦስት ጊዜ የተጠራው አባት

ትናንት በጠራራ ፀሐይ አሥር አለቃ ወንድይፍራው ሕልም አየ። ሌሊቱን ምሽግ ሲጠብቅ አድሮ፣ ረፋዱ ላይ ሰልፍ ቆሞ ጠመንጃውን እንደተደገፈ ሸለብ አደረገው። ወታደር ቆሞም ይተኛል፣ ልጆቼ።

በሕልሙ ጦርነቱ ተገልብጦ ነበር። ወታደሩ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ የሚዘምቱት ቤቶች ናቸው። ጎጆዎች ክዳናቸውን እንደ ቆብ ደፍተው በሰልፍ ያልፋሉ። ዶሮዎች ምሽግ ይቆፍራሉ። የተተኮሰው ጥይት ሁሉ እያፈረ ወደ አፈሙዙ ይመለሳል። ወንድይፍራው የራሱን ቤት በዘመመው በሩ ለየውና ተከተለው።

ቤቱ አንድ ኬላ ላይ ደርሶ ቆመ። እዚያ አባቶች በአንቀልባ ታዝለው፣ በሚስቶቻቸው ጀርባ ላይ ሆነው ተራ ይጠብቃሉ። ሚስቱ ትሁኔም ከቤቱ ወጥታ አዘለችው። ልጁ የተወለደችው እሱ ከዘመተ በኋላ ነው፤ ቅዳሜ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ክርስትና ትነሣለች። መልኳን ሳላይ ስም አላወጣላትም፣ ጠብቂኝ ብሎ ለትሁኔ የጻፈው ራሱ ነበር። ፈቃድ ጠይቆ ቀን ሲቆጥር የከረመውም ለዚሁ ነው።

ኬላውን የሚጠብቀው የገዛ በሬው ነበር፤ ትከሻው ላይ ማዕረግ ለጥፏል። የአገሩን ሥርዓት አስረዳው፤ እዚህ የተጠራ ሰው አቤት አይልም፣ አቤት ያለ ወደ ምሽግ ይመለሳል። ከፊታቸው የነበረው መቶ አለቃ ልማድ ሆኖበት አቤት ቢል፣ በሬው በቀንዱ ገፍቶ አባረረው።

«ኧረ አንተ ሰው፣ አፍህን ያዝ» አለችው ትሁኔ። «ይቺ ልጅ አንተን ብላ ነው ያለ ስም የቀረችው።»

ስሙ ተጠራ። ምላሱን ነከሰ። ደግሞ ተጠራ። አፉን በመዳፉ ከደነ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ የቤቱ በር ተከፈተ፤ ልጅቱ እጇን ዘረጋችለት፣ ፊቷን ሊያይ ከትሁኔ ጀርባ ላይ ጎንበስ ሲል...

አንድ ክርን ጎኑን ጎሰመው።

ጓደኛው ቱፋ ነበር። የፈቃድ ስም ዝርዝር ሲነበብ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ዝም ማለቱን ነገረው። ጸሐፊው «የለም» ብሎ ጽፎ ፈቃዱን ለቀጣዩ ሰጥቷል፤ ቱፋ ከሰልፉ ጫፍ ሮጦ ቢለምነውም የተጻፈ አይሰረዝም ብሏል። ቀጣዩ ራሱ ቱፋ ነው። የፈቃዱን ወረቀት በእጁ ይዟል፤ መኪናው ሞተሩን አስነሥቷል።

«በናንተ ቀዬ ነው የማልፈው፣ ወንድሜ። ስሟን ንገረኝና ለትሁኔ ላድርስልህ።»

ወንድይፍራው አፉን ከፈተ። የወጣው ግን «አቤት» ብቻ ነበር።