ጋሽ አደን የጨለጡት ብርጭቆ

የእኔ አባት ዝናብ ይቀምሳል ብላችሁ ታምናላችሁ? እሱ ያምናል። ሀርጌሳ አየር ማረፊያ ጭነት ክፍል ሳይቀጠር በፊት ዝዋይ ወይን ሲጠምቅ ነው የኖረው። እዚህ አገር አልኮል በሕግ ክልክል ነው፤ ክልክሉ ግን ጠርሙሱ እንጂ ወሬው አይደለም። ስለዚህ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ወይን በወሬ እንጠጣለን።

እኔማ በቃሌ ይዤዋለሁ። ዝናብ ከበዛ ፍሬው ውሃ ይቋጥርና ጣዕሙ ይሳሳል። ፀሐይ ከበረታ ፍሬው ያንሳል፣ ቅርፊቱ ይወፍራል። ቀለሙም፣ አፍ የሚይዘው ነገርም ያለው ቅርፊቱ ላይ ነው፤ ቀዩ ከነቅርፊቱ የሚጠመቀው ለዚህ ነው። እርሾው ስኳሩን በልቶ ከጨረሰ ደረቅ ይባላል። አንዱ የወይን ዘር ብቻውን ከሻከረ ለስላሳው ይቀየጥበታል። ይኼን ሁሉ የምታውቅ ልጅ ምን ትማር? የመጠጥና የምግብ ሥራ እማራለሁ አልኩ። አባዬ ፋርማሲ አለ። ለምን ስለው፣ ሻይዋን በስኳር የምትቀብር ልጅ ምላስ የላትም አለኝ።

ምላስ የላትም! እናቴ እንኳን ሳቀች። እኔ እኮ ምላሷ ረዘመ ነው የምባለው።

እሺ፣ ያንተን ምላስ ካታለልኩት የምማረውን እኔ እመርጣለሁ አልኩት። እየሳቀ እጄን መታልኝ።

ጎረቤታችን ጋሽ አደን ድሬዳዋ ያደጉ የሀርጌሳ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ገቢሌ እርሻ አላቸው። ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቶ ሮማኔ ትንንሽ ሆነ፣ ቅርፊቱም ወፈረ ብለው ሲያዝኑ፣ እኔ አንድ ዘንቢል ለመንኳቸው። ምን ላደርገው እንዳሰብኩም ነገርኳቸው። ከዋሄን ገበያ ከርከዴ፣ ያንን ቀይ ኮምጣጣ የአበባ ሻይ፣ ገዛሁ። ሮማኑን ጨምቄ ከቅርፊቱ ጋር ዘፈዘፍኩት። ሲሻክርብኝ ጭማቂ ጨመርኩ፣ ሲጣፍጥብኝ ከርከዴ። ስኳሩን የሚበላልኝ እርሾ የለኝማ፤ በኮምጣጣው ሸፈንኩት።

አርብ ምሳ ላይ ጋሽ አደን ተጋብዘው መጡ። ሁለት ብርጭቆ ቀይ ነገር አስቀመጥኩ። ከየት እንደመጣ አትጠይቀኝ አልኩት አባዬን። አሸተተ። ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ደረቅ ዓመት ነው» አለ። «ቅርፊቱን ፀሐይ አግኝቶታል። ቅይጥ ነው። አልኮሉ ሳሳ ይላል እንጂ ቀያጩ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

ከዚያ የት እንዳለ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ዘሎ መጋረጃውን ዘጋ። «አንቺ ልጅ፣ ከአገር ልታስባርሪኝ ነው?» አለ በሹክሹክታ። ጋሽ አደንን ይቅርታ ሊጠይቅ ዞር ሲል፣ እሳቸው «ቢስሚላህ» ብለው የራሳቸውን ብርጭቆ እስከ ታች ጨለጡት። አባዬ ጭንቅላቱን ያዘ። ጋሽ አደን ጢማቸውን ጠረጉ።

«ምን ያስደነግጥሃል ወንድሜ? የእኔው ሮማን ነው።»

ተሸነፈ ብላችሁ እንዳታስቡ። ዓመቱን አውቄያለሁ፣ ቅይጥነቱን አውቄያለሁ፣ ምላሴ አልተታለለም ብሎ ድርቅ አለ። ጋሽ አደንም፣ የእኔ ወገን ሲሆኑ፣ የዘንድሮውን ድርቅ እንኳ በትክክል ቀምሶታል ብለው ፈረዱለት።

«እሺ አባዬ፣ ምላስህ አይሳሳትም» አልኩት። «ቀያጩ ሥራውን ያውቃል ያልከውም ልክ ነዋ።»

ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ሞላሁለት። ፋርማሲውን ከፈለገ ራሱ ይማረው።