አቡ ሙሐና ለተምር ዕጣ ሲያወጡ

በየመንደሩ፣ በሰው ደስታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቸልስ አንድ ሰው ይመደባል። ማን እንደሚመድበው አላውቅም፤ ብቻ ያለ እሱ የሚያድር መንደር አላየሁም። አንተ «ይህ ቅጠል ፈወሰኝ» ስትል እሱ «ከምን ጋር አስተያይተህ?» ይልሃል። «ይህ ጉድጓድ ውሃው ጣፋጭ ነው» ስትል «ዓይንህን ጨፍነህ ቀምሰኸዋል?» ይላል። ሳትጣሉ ትለያያላችሁ፤ ግን ቤትህ ገብተህ ስታስበው ቅጠሉም ጉድጓዱም እንደ ድሮው አይሆኑልህም።

የእኛ መንደር ድርሻ ክቡር አቡ ሙሐና ናቸው፤ እኛው በቀልድ የሾምናቸው የዕጣና የሚዛን ጉዳዮች ሚኒስትር። በወጣትነታቸው በኦማን፣ ከኒዝዋ ከተማ ወዲያ ባለ የእርሻ ሙከራ ጣቢያ ሠርተዋል። ጡረታ ሲወጡ ጣቢያውን ተሰናበቱት፤ ሙከራውን ግን ይዘውት መጡ።

አንድ ጊዜ በብርዱ ወራት ሳል ይዞኝ የተራራ ማር ልሼ ተሻለኝ። ይህንን በደስታ ስነግራቸው ጢማቸውን እያሹ ቆዩና፣ «ያኛው ሳልህስ?» አሉኝ።

«የቱ ሳሌ?»

«ማሩን ባትልስ ኖሮ የምትስለው። እሱ መች ለቀቀህ?»

ከዚያ ወዲህ ሳል በያዘኝ ቁጥር፣ የሆነ ቦታ ማር ሳይልስ የሚስል ሌላ እኔ ያለ ይመስለኛል። አንዳንዴ ከተምሮቹ ጥላ ሥር ጋደም ስል ሳሉ ይሰማኛል፤ ደህና እንዲሆን እመኝለታለሁ።

ፍየሎቻቸውም አልቀሩላቸውም። በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ሬዲዮ ሲሰሙ ከረሙ። በወተቱ ላይ የታየ ለውጥ አልነበረም፤ ሬዲዮ ያልደረሳቸው ፍየሎች ግን እስከ ዛሬ ያኮረፉ ይመስለኛል። ባለቤታቸው ዙወይና ሩዝ ላይ የደረቀ ሎሚ ስትጨምር ደርሰው «ሎሚ የሌለበት ድስትም ጣጂ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳትነግሪኝ» አሏት። እሷም፣ «እሺ። አንዱን ትበላዋለህ፣ አንዱን አናትህ ላይ እደፋዋለሁ። የትኛው እንደተሻለህ ማታ ትነግረኛለህ» አለቻቸው። ያን ቀን ሙከራው በአንድ ድስት ተጠናቀቀ።

እንዲህ እየሳቅንባቸው ስንኖር፣ ዝናብ የራቀበት ዘመን መጣና ፈለጅ የምንለው የመስኖ ቦይ ውሃው ቀነሰ። ከተራራው ሥር ተነስቶ በየአትክልቱ የሚዞረው ቦያችን ድሮ እንደ ወሬኛ ሴት ሲያወራ ይውል ነበር፤ አሁን ማንሾካሾክ ጀመረ። ውሃውን የሚያከፋፍለው ወኪል ሱለይም መንደሩን ሰብስቦ፣ «በቦያችን ራስ ላይ ሁለት ትልልቅ ወንዴ ተምሮች አሉ። ለመንደሩ አንድ ይበቃል። አንዱ ተቆርጦ ውሃው ለሴቶቹ ተምሮች ይሂድ» አለ።

ተምር ለነፋስ ብቻ አይተውም። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻቸው ናቸው፤ በየዓመቱ ሰው ዛፍ ላይ ወጥቶ የወንዴውን አበባ ዱቄት በሴቷ ዘለላ ላይ ይነሰንሳል። ከሁለቱ ወንዴዎች አንዱ «ፋሪስ» ይባላል። የአቡ ሙሐና አባት የተከሉት ነው። ፋሪስ የነካው ተምር ይጣፍጣል፣ ይከብዳል ተብሎ ከሌላ መንደር ሳይቀር ዱቄቱን ይለምኑ ነበር። ሌላው ስም የለውም፤ የአሮጊቷ የራያ ነው። ሟች ባሏ በሠርጋቸው ዓመት የተከለው ነው። ልጅ የላቸውም። ራያ ከሰዓት በኋላ ምንጣፏን አንጥፋ ከሥሩ ትቀመጣለች፤ ስናልፍ ከባሏ ጋር ስታወራ እንሰማና መንገዳችንን ቀየር አድርገን እናልፋለን።

የትኛው እንደሚቆረጥ ማንም አልጠየቀም፤ ስም የሌለው እንደሆነ ግልጽ ነበር። ራያም አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ክቡር ሚኒስትሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፋሪስ እንደሚሻል ማን ነገራችሁ?»

«አባትህ ናቸዋ!» አለ ወኪሉ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አባቴማ ልጃቸውንም ሲያመሰግኑ ኖረዋል» አሉ አቡ ሙሐና። «አንድ የአበባ ወቅት ስጡኝ። እስከዚያ የሁለቱ ዛፎች ውሃ ከእኔ የውሃ ተራ ይቀነስ።»

አትክልታቸው እንዲደርቅ ነው የፈረዱት። ወኪሉም በዚህ አፈረና ፈቀደ።

ሥራውን እንዲህ አሰቡት። በውሃው ራስ ያለች ተምርና በውሃው ጭራ ያለች ተምር እኩል አይደሉምና፣ ዛፍን ከዛፍ ማስተያየት አይሆንም፤ እህትማማች ዘለላዎችን ነው እንጂ። በእያንዳንዷ ተምር ላይ ገሚሱ ዘለላ ከፋሪስ፣ ገሚሱ ከራያ ወንዴ ይነሰነስለታል። የትኛው ለማን እንደሚሆን በዕጣ የሚወጣ ጠጠር ይወስናል። ዛፍ ወጪያችን ኸልፋን ጠጠሩን ይዞ ወጣ፤ በየዘለላው የወንዴውን መለያ ክር እያሰረ ወረደ። ዘለላዎቹ ማዘንበል ሲጀምሩ አቡ ሙሐና ከሥር ቀና ብለው አዩ። የፋሪስ ክር በሙሉ ከመሐል፣ በወፍራሞቹ ዘለላዎች ላይ ነበር።

«ኸልፋን፣ ጠጠሩስ?»

«ጠጠሩ ሥነ ሥርዓት አያውቅም» አለ ኸልፋን። «አንዳንዴ ፋሪስን ጥግ ላይ ለቀጫጫዋ ይሰጠዋል። ትልቅ እንግዳ ቤቴ መጥቶ በር ላይ አስቀምጠዋለሁ?»

የማንኛችንም እጅ ቢሆን ይህንኑ ያደርግ ነበር። እንግዳ ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ እንቅልፍ የሚነሳን ሰዎች ነን። አንድ ዓመት ለፋሪስ በተደረገ መስተንግዶ ባከነ። አቡ ሙሐና አልተቆጡም፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንግዳው ማን እንደሆነ ነገርኩህ» ብቻ አሉ። ከዚያ ወኪሉን ሌላ ዓመት ለመኑ። አትክልታቸው ቢጫ ሆኖ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ዱቄቱን በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት ያሰረችው ዙወይና ናት። ገሚሱ ነጭ ክር፣ ገሚሱ አረንጓዴ ክር። የትኛው ፋሪስ እንደሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ባሏም አያውቁም። ኸልፋን ከዛፉ ሥር ቆሞ ከረጢቶቹን እያገላበጠ፣ «የትኛው ነው ፋሪስ?» አለ።

«አላውቅም» አሉ አቡ ሙሐና።

«ታዲያ ለማን ነው ሰላም የምለው?»

«ለሁለቱም በል፤ ውጣ።»

ወጣ። ዱቄቱ በፀሐይ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ሁላችንም ከሥር ቆመን ቀና ብለን አየን። የፋሪስና የስም የለሹ ብናኝ አየር ላይ አንድ ቀለም ነበረው።

ዙወይና በዚያ በጋ በትዳር ዘመኗ ያላየችውን ሥልጣን አየች። ባሏ ሲነጫነጩ «ቀስ በል፤ ቀለሙን እነግርሃለሁ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ጆሯቸውን ይዘው ይሸሻሉ። ሚስቱ እንዳትናገር የሚሸሽ ባል በኦማን ምድር የዚያን ጊዜ ብቻ የታየ ይመስለኛል።

ተምሩ ደረሰና ተመዘነ። ጣዕሙ ግን ችግር ሆነ፤ በእኛ አገር ሰው ቤት የቀረበልህን ተምር «ይህ ከዚያ ያንሳል» አትልም። የተጠየቀው ሁሉ «ሁለቱም የአላህ ስጦታ ነው፤ ሁለቱም ማር ነው» እያለ አስቸገረ። ሚኒስትሩ መጠየቁን ተዉት። በመሰብሰቢያችን የነጩንና የአረንጓዴውን ክር ተምር በሁለት ሳህን አቀረቡ፣ ስለ ዝናብ ወሬ ከፈቱ፣ እንግዶች ሲሄዱ ከየሳህኑ አጠገብ የተተፋውን ፍሬ ቆጠሩ። አፍ ይግደረደራል፤ እጅ ግን የወደደውን ይደግማል።

ቀጥሎ የመጣውን ሥራ እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። አቡ ሙሐና በቦዩ ዳር ተቀምጠው የእያንዳንዱን ዘለላ ሚዛን የጻፉባቸውን ጠጠሮች ደረደሩ። ከዚያ ክሮቹን አነሱና፣ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ እንዳላወቀ ሰው በእጃቸው ቀላቅለው እንደገና በየጠጠሩ ላይ አስቀመጡ። የነጩንና የአረንጓዴውን ልዩነት አሰሉ። ክሮቹን እንደገና ቀላቀሉ። እንደገና።

«ምን እየፈለጉ ነው?» አልኳቸው ተጋድሜ።

«ሁለቱ ወንዴዎች አንድ ቢሆኑ ኖሮ፣ ዕድል ብቻውን ምን ያህል ሊያታልለን እንደሚችል።»

ውሃው ያንሾካሹካል፤ ክሮቹ ይቀያየራሉ። እኔ ዓይኔ ከበደ። በእንቅልፌ ተምሮቹ በሙሉ ስማቸውን ጥለው፣ ክራቸውን እየተለዋወጡ በዝግታ ሲራመዱ አየሁ፤ ራያ በመሐላቸው ባሏን ትፈልጋለች፤ ሁሉም እሱን ይመስላሉ። ስነቃ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፤ አቡ ሙሐና አሁንም ይቀላቅላሉ።

መንደሩ ተሰበሰበ። «ነጩ ክር ትንሽ ይበልጣል» አሉ አቡ ሙሐና፤ «በሚዛንም፣ በተተፋው ፍሬም።» ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ዙወይና፣ «ነጩ ፋሪስ ነው» አለች።

ጭብጨባ ሆነ። ራያ ሻሿን ሳብ አድርጋ ልትነሳ ስትል፣ አቡ ሙሐና እጃቸውን ዘረጉ። «ቁጭ በይ፣ አክስቴ ራያ። አልጨረስኩም። ክሮቹን ዝም ብዬ ስቀላቅላቸው ይህን የሚያህልም ከዚህ የሚበልጥም ልዩነት ደጋግሞ ወጥቶልኛል። ስለዚህ ፋሪስ በለጠ ማለት አልችልም።»

«በለጠልህ እኮ!» አለ ወኪሉ። «ሰውዬ ምን ነካህ? የአባትህ ዛፍ ነው።»

«ለዚህ ነው የምጠራጠረው። የራያ ዛፍ ይህን ታህል በልጦ ቢሆን አምንላት ነበር?»

«ልዩነት ከሌለ የእሷ ይቆረጣ! ያው ነው!»

«ያው ከሆነ ለምን የእሷ?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ መለየት ያቃተኝን መጥረቢያ እንዲለይ አልፈቅድም። ዕጣ ይውጣ።»

ራያ፣ «ተወው ልጄ፤ የእኔው ይቆረጥ። እኔም ብዙ አልቆይም» አለች።

«አንቺ ስለ ዛፉ ነው እንጂ ስለ ዕድሜሽ አልተጠየቅሽም» አሏት።

ሁለቱ ክሮች የወኪሉ ጥምጥም ውስጥ ገቡ። ወኪሉ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን አወጣ፤ የሚቆረጠው ማለት ነው። ነጭ ነበር። ራሱ ወኪሉ ደንግጦ፣ «እጄ ስቶ ነው፤ እንደገና ላውጣ» አለ። አቡ ሙሐና ክሩን ከእጁ ተቀብለው በጣታቸው ጠቀለሉት። «የራያ ቢወጣ ኖሮ እንደገና ታወጣ ነበር?» አሉና ወጡ። በማግሥቱ መጥረቢያውን የያዙት ራሳቸው ናቸው። መጥረቢያው ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅ እስከ ቤቴ ደረሰ፤ በሬን ዘጋሁ።

እንግዲህ ይህ ነው ሰላም የነሳን ሰው። በሕይወቴ የተናገርኩትን አንዲት ደስታ ሳይፈትሽ አላለፈልኝም። አሁን ግን እወደዋለሁ ብዬ ስጽፍ እጄ አይፈራም። ሁላችንም የምንመኘው እውነት አለን፤ የተመኘው ደጁ ድረስ መጥቶለት «ገና አላወቅኩህም» ብሎ የመለሰው ሰው እኔ ያየሁት አንድ ነው።

በቀጣዩ ዓመት አበባ ሲደርስ አቡ ሙሐና ከቢጫው አትክልታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም አብሬያቸው። ራያ በዱላዋ እየተደገፈች መጣች። ከባሏ ዛፍ የተቆረጠውን የመጀመሪያ አበባ፣ ገና ከሽፋኑ ሳይወጣ፣ በነጠላዋ አቅፋ ይዛለች። እግራቸው ሥር ለማስቀመጥ ጎንበስ ስትል ተነስተው ከእጇ ተቀበሏት።

«ለተምሮችህ ነው» አለች። «ለሁሉም።»

አቡ ሙሐና ሽፋኑን ከፈት አደረጉት። ነጩ ዱቄት ጢማቸው ላይ ቦነነ። አንድ ነገር ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ።

«ስም አውጥቼለታለሁ» አለች ራያ። «ፋሪስ ብዬዋለሁ።»

አፋቸውን ዘጉ። የተቀመጥንበትን ምንጣፍ ሳቡና ቦታ ሰጧት፤ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሦስታችን እዚያው ተቀምጠን ዋልን፤ ምንም ሳንመዝን።